የሰሚ ድርሻ

አንድ ሰው የሌላን ሕዝብ ቋንቋ አወቀ የሚባለው ምን ሲሆን ነው? ገበያ ወጥቶ ዕቃ ሲገዛ፣ መንገድ ጠይቆ ካሰበበት ሲደርስ፣ የታዘዘውን ሰምቶ ሲፈጽም ‹‹ቋንቋውን ለምዷል›› እንላለን። ውጭ አገር ስላለ ሰው ስናወራማ መለኪያችን ከዚህም ያጥራል። ‹‹ቋንቋ ያዘች?›› ብለን እንጠይቃለን፤ ‹‹አዎ፣ አቀላጥፋ ትናገራለች›› ከተባልን ልባችን ያርፋል። የቀረው ሁሉ፣ ከሰው መግባባቱም፣ ወዳጅ ማፍራቱም፣ አገር መልመዱም፣ ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ የሚመጣ ይመስለናል።

እኔ ይህ መለኪያ ጎዶሎ ነው እላለሁ። የጎደለውም የሰሚው ድርሻ ነው። ቋንቋ አንዱ ብቻውን ተግቶ የሚጨርሰው ሙያ አይደለም፤ በተናጋሪው ብርታትና በሰሚው ፈቃድ ይቆማል። ሺህ ቃል የሚያውቅ፣ ግን የራሱን ነገር እንዲናገር ማንም የማይጠይቀው ሰው ገና ከደጅ ነው። መቶ ቃል ብቻ ኖሮት ሲንተባተብ የሚታገሠው ጆሮ ያገኘ ሰው ግን ገብቷል። ባይተዋርነትን ቃል ማጣት አድርገን ስናይ ኖረናል፤ ሥሩ ግን ሰሚ ማጣት ነው። ይህን በሐራና በዙሪያዋ ባለው ምድር ታሪክ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ሐራ የሰሜን ወሎ ቆላ ናት። ወልድያም መርሳም ከአጠገቧ ናቸው፤ ከእርሷ ወዲያ ምድሩ ወደ ጭፍራ፣ ወደ አፋር ሜዳ እየወረደ ይሄዳል። ሰው ‹‹ሐራ ገበያ›› ብሎ የሚጠራት ያለ ምክንያት አይደለም። የደጋው እህልና የቆላው ከብት የሚገናኙት እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ አማርኛና አፋርኛም እንደዚሁ። በዚህ ዓይነት ገበያ ቋንቋ የሚለመደው ፊት ለፊት ነው። ሻጭ ዋጋ ይጠራል፤ ገዢ ይከራከራል፤ ሻጭ ‹‹አይሆንም›› ይላል፤ ገዢ ትቶ የሄደ ይመስልና ይመለሳል። ሁለቱም እምቢ ማለት ይችላሉ። አንዱ የሌላውን ቃል ቢያበላሽ ሌላው ያርመዋል፤ ነገ የራሱን ቃል እንዲያርምለትም ይፈልገዋልና። ያለ መምህርና ያለ ደብተር ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች የሚወጡት ከእንዲህ ዓይነት ክርክር ነው።

ወደ ገበያው የሚመጣው አፋር ደግሞ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ወግ አለ፤ ዳጉ ይባላል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቆመው ወይም አረፍ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንዳረፈ፣ መንገዱ ሰላም መሆን አለመሆኑን። የሚናገረው በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን ለይቶ መናገር አለበት። የሚሰማው ደግሞ ይጠይቃል፣ ያጣራል፣ ተራው ሲደርስ የራሱን ይሰጣል። በበረሃ ለሚኖር አርብቶ አደር ይህ ጨዋታ አይደለም፤ ከብቱም ልጁም በሕይወት የሚተርፉት በዚህ ነው። ስለዚህ በዳጉ ሕግ መስማት እንደ መናገር ያለ ግዴታ ነው። የማይሰማ ሰው ለሚቀጥለው መንገደኛ የሚሰጠው ነገር አይኖረውም።

የወሎ ገበሬም ከዚህ የራቀ ወግ የለውም። የመሸበት መንገደኛ ‹‹የእግዜር እንግዳ!›› ብሎ ደጅ ሲቆም ‹‹ቤት ለእንግዳ፤ ይግቡ›› ይባላል። እግሩ ይታጠባል፤ ያለው ይቀርብለታል። ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ነገር የሚመጣው፦ ‹‹እንዴት ነው አገሩ? ደህና ነው? ዝናቡስ እንዴት ከረመ?›› ተብሎ ይጠየቃል። እንግዳ የሚበላ ብቻ አይደለም፤ ወሬ ያለው፣ የሚጠየቅና የሚደመጥ ሰው ነው። ሌሊቱን ያሳደረው ባለቤት ስለማያውቀው አገር ዐውቆ ያድራል፤ እንግዳውም ከአገሩ ርቆ ሳለ የአገሩ ሰው ሆኖ ያድራል። መጠለያ የሆነው ጣራው ብቻ አይደለም፤ ጥያቄውም ነው።

የቋንቋ እውቀት ምን እንደ ሆነ ከሁሉ አጥብቀው ያሰቡበት ግን የዚህ ምድር ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ናቸው። አንዱ የቅኔ ቤት ነው። በሰሜን ወሎ ደጋ ያለችው ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሟ የሚነሣ የቅኔ አገር ናት። የቅኔ ተማሪ ግስ ያወርዳል፣ ርባ ቅምር ይማራል፣ አገባብ ይለያል፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ ግን ግእዝ ዐዋቂ አያሰኘውም። ዐዋቂነቱ የሚጀምረው መምህሩ ፊት ቀርቦ የራሱን ቅኔ ሲነግር ነው። የመጀመሪያዋ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ነገር ግን ትናንት በዓለም ላይ ያልነበረች፣ ከዚያ ልጅ ልብ የወጣች ሁለት ቤት ናት። መምህሩ ያደምጣል፤ ቤት ሲሰበር ያቃናል፤ ምሥጢሩ ሲላላ መልሰህ ቁጠር ይለዋል፤ ሲሠምርለት ደስ ይለዋል። ግእዝ ዛሬ የማንም አፍ መፍቻ አይደለም። በቅኔ ቤት ውስጥ ግን ሕያው ነው፤ ምክንያቱም በየዕለቱ አዲስ ነገር የሚናገርበት ልጅና ያንን ልጅ ቁጭ ብሎ የሚሰማ መምህር አሉት።

ሁለተኛው የደረሳው፣ የእስልምና ተማሪው፣ ትምህርት ቤት ነው። በየጁ ያለችው ዳና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕዝቡ ‹‹ዳንዩል አወል›› ብሎ በሚጠራቸው በሸኽ አሕመድ ኢብን አደም ስሟ የገነነ የእውቀት መንደር ነበረች። ደረሳ ኪታቡን ይዞ ከሸኽ ወደ ሸኽ ይዞራል፤ ምግቡን ከየመንደሩ ለምኖ ያገኛል፤ ሸኹ ዐረብኛውን እያነበቡ በአማርኛ ያፍታቱለታል። በዚህ መንገድ የመጣው ዐረብኛ አማርኛን አላፈናቀለም። እንዲያውም እንደ ሸኽ ጦልሐ ጀዕፈር ያሉ ሊቃውንት በዐረብኛ ፊደል አማርኛ ጻፉ፤ ዐጀሚ የሚባለው ጽሑፍ ይህ ነው፤ የወሎ መንዙማም ሁለቱን ቋንቋ አንድ ላይ ይዞ እስከ ዛሬ በየሐድራው ይዜማል። የሩቅ አገር ቋንቋ አንድ ሕዝብ ውስጥ ሰላማዊ ቤት ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ይህን ይይ። ወሎዬው ዐረብኛን የተቀበለው የራሱን ናፍቆትና ልመና ሊናገርበት ነው፤ ሲናገርበትም የሚሰሙት ሸኽና ጀማዓ ነበሩት።

ዛሬ ዐረብኛ ወደ ሐራና ወደ መርሳ የሚገባው በሌላ በር ነው። ከሰሜን ወሎ ስንት ቤት ልጁን ወደ ዐረብ አገር እንደ ላከ ለአካባቢው ሰው መንገር አያስፈልግም። ወንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲና በየመን በኩል በእግርና በጀልባ ይሄዳሉ፤ ሴቶቹ ከእነርሱ ጋርም፣ በቦሌም። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አገደ፤ ወዲያው ሳዑዲ ዐረቢያ ያለ ፈቃድ የሚኖሩትን ማስወጣት ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ፤ በ2010 ዓ.ም. እገዳው ተነሣ። በሕጋዊው መንገድ የምትሄድ ልጅ ከመሄዷ በፊት ሠልጥና የብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ የተደነገገው በዚህ አዋጅ ነው። በሥልጠናው ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ስለ ካውያ፣ ስለ ምድጃ፣ ስለ ጽዳት መድኃኒት ትማራለች፤ ጥቂት ዐረብኛም ታጠናለች።

እዚያ ስትደርስ ቋንቋውን የምትለምድበት ፍጥነት ያስደንቃል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዐረብኛ የሚያጠና ሰው ዓመታት ሲፈጅ እሷ በወራት ውስጥ ትሰማለች፤ ዓመት ሳይሞላት ትመልሳለች። ይህ የብሩህ አእምሮ ሥራ ነው፤ እንዲህ ብለን ስናወድሰው ግን አንሰማም። ነገር ግን የተሰጣት ቋንቋ ምን ዓይነት ነው? የቅኔ ተማሪ ግስ ሲያወርድ አራት አናቅጽ ይማራል፦ ቀዳማይ፣ ካልዓይ፣ ዘንድ፣ ትእዛዝ። በቀዳማይ ያለፈውን ይናገራል፤ በካልዓይ ያለውንና የሚመጣውን፤ በዘንድ የሚሻውንና የሚያስብለትን ነገር፤ በትእዛዝ ደግሞ ሌላውን ያዝዛል። ያቺ ልጅ በምትሠራበት ቤት ወደ ጆሮዋ የሚገባው ዐረብኛ በአመዛኙ ትእዛዝ ነው፦ አምጪ፣ ውሰጂ፣ ነይ፣ ቶሎ በዪ፣ ዝም በዪ። ቀዳማዩ የላትም፤ ከየት እንደ መጣች፣ አባቷ ምን እንደሚያርስ፣ ስንተኛ ክፍል እንዳቆመች የሚጠይቃት የለምና። ካልዓዩ የላትም፤ ነገ ምን ልትሆን እንደምታስብ ማንም አያነሣባትም። ዘንዱ ከሁሉ ይርቃታል፤ የምትሻውን የምትናገርበት አጋጣሚ አልተፈጠረላትም። ከአራቱ አንዱን፣ እሱንም ከሚታዘዘው ወገን ሆና ብቻ ነው የተማረችው። የምታውቃቸው ቃላት ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዲትም የራሷ ጉባኤ ቃና ግን የላትም።

ይህን ስል ሁሉንም ቤት በአንድ ሚዛን እየለካሁ አይደለም። ሠራተኛቸውን እንደ ልጃቸው የሚያዩ፣ ስትታመም የሚያስታምሙ፣ ስትሄድ የሚያለቅሱ ቤተሰቦች አሉ፤ ከተመለሱት አንደበት ይህም ይሰማል። ቤቱንና ቤቱን የሚለየው የደመወዙ መጠን ብቻ እንዳልሆነ ግን ያው አንደበት ይመሰክራል። ‹‹እናትሽ ደህና ናት?›› ብላ በምትጠይቅ እመቤት ቤት ያለችው ልጅ ዐረብኛዋ ሰፊ ነው፤ ስለ እናቷ ለመናገር ስትል ያልተማረችውን ቃል ፈልጋ ታመጣለች። ጥያቄ ቃልን ይወልዳል። ያልተጠየቀ ሰው ቃሉም አይበዛም።

ደግሞ በየቤቱ አንድ ሰው አላት፤ ሕፃኑ። እሱም አፉን እየፈታ ነው፤ እሷም በዚያው ቋንቋ አፏን እየፈታች ነው። ሕፃን የሰው ስሕተት አይቆጥርም። ‹‹ይህ ምንድን ነው?›› ብትለው ደስ ብሎት ይነግራታል፤ መልሶ ደግሞ ይጠይቃታል፤ ተረት አምጪ ይላታል፤ እሷም ያላትን ሁለት መቶ ቃል አቀናጅታ የአያቷን ተረት በዐረብኛ ትነግረዋለች። በዚያች ሰዓት ያ ሕፃን ያለ እውቀቱ መምህርም ሰሚም ይሆንላታል። ብዙዎቹ ከተመለሱ በኋላ ከዚያ አገር የሚናፍቃቸው ያሳደጉት ልጅ መሆኑ አይገርምም። ከእርሱ ጋር ነበር ሰው ሆነው የተናገሩት።

ሳይሰሙ መቅረት ደግሞ ከስም ይጀምራል። በደላላ እጅ የሄዱ ብዙ ክርስቲያን ልጃገረዶች የሙስሊም ስም ተሰጥቷቸው፣ ዕድሜያቸው ተጨምሮ ፓስፖርት ወጥቶላቸዋል። በወሎ የሙስሊምና የክርስቲያን ስም ከአንድ ቤት ጎን ለጎን መገኘቱ አዲስ አይደለም፤ አባት በአንዱ፣ ልጅ በሌላው ይጠራል። ያ ግን የጋብቻና የዝምድና ፍሬ ነው፤ ስሙን ያወጣው የሚወድድ ሰው ነው። በደላላ የተሰጠ ስም ማንም አልወደደበትም። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን ልጆች ብዙዎቹም እንደ ደረሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ ካደጉ በኋላ ወደ ቀድሞ ስማቸው የተመለሱ አሉ። የተቀባዩ አገር አሳብ ክፉ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ሰውን በስሙ ለመጥራት ምላሱን ለማቅናት ያልደከመ አገር ያ ሰው ቋንቋዬን አጣርቶ ይናገር ብሎ ሲጠብቅ ሚዛኑ ያዘነብላል።

‹‹ልጅቱ የሄደችው ገንዘብ ልታመጣ እንጂ ልታወጋ አይደለም፤ ለሥራዋ የሚበቃት ቋንቋ ከኖራት ምን ጎደላት?›› የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ክርክር ሥራ እስከ ሠመረ ድረስ ብቻ የሚቆም ነው። ደመወዝ ሲያዝ ‹‹ለምን?›› ማለት ያስፈልጋል፤ ‹‹ለምን›› ደግሞ የታዛዥ ቃል አይደለም። ስትታመም የት እንደሚያማት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ መናገር አለባት፤ ይህ ቀዳማይ ይጠይቃል። ስትከሰስ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መተረክ አለባት። ‹‹ከፋላ›› በሚባለው አሠራር መኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ሳዑዲ ዐረቢያ በ2021 እ.ኤ.አ. የጀመረችው የሥራ ገበያ ማሻሻያም የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። እንዲህ ባለ ቦታ አንደበቷ ከጋሻዎቿ ዋናው ነው። የምታውቀው ቋንቋ የትእዛዝ ብቻ ሲሆን አደጋው ሲመጣ ትጥቅ የላትም። ስለዚህ መናገርና መሰማት ሆድ ከሞላ በኋላ የሚታሰብ ቅምጥልነት አይደለም፤ ከእንጀራው ጋር አብሮ የሚታሰብ ነው።

ተቀባይ ድርሻውን ሲወጣ ምን እንደሚሆን ደግሞ የዚሁ የወሎ ምድር ልጅ አሳይተውናል። አባ ጎርጎርዮስ የቤተ አምሐራ፣ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ፤ ያ አገር ዛሬ ደቡብ ወሎ ውስጥ ነው። በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ፣ ሀበሾች በሚያርፉበት በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ አገኛቸው። ሉዶልፍ ግእዝን ከመጻሕፍት ለቅሞ የተማረ ነበር። የሚጠይቃቸው ብዙ ነበረው፤ እሳቸውም የሚመልሱት አላጡም። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርነስት ወደ ግንባቸው ጋበዟቸው። አባ ጎርጎርዮስ ጀርመንኛ ሳይችሉ ወደ ጀርመን ገቡ፤ በዚያም ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ አገሩ አቀማመጥና ስለ ሕዝቡ ኑሮ ተጠየቁ፤ መልሳቸውም ተጻፈ። በ1658 ወደ አገራቸው ሲጓዙ በእስክንድሮና አቅራቢያ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ከዚያ ንግግር የተገኘው ፍሬ ግን አልጠፋም፦ የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ታተሙ። አውሮጳ ስለ አማርኛ በሥርዓት መማር የቻለችው አንድ ስደተኛ መነኩሴ ተጠይቀው ስለ ተሰሙ ነው።

አባ ጎርጎርዮስንና ዛሬ ሪያድ ያለችውን የሐራ ልጅ አንድ ላይ ማንሣቴ ሁለቱ አንድ ናቸው ለማለት አይደለም። እሳቸው የተማሩ መነኩሴ ነበሩ፤ እሷ ትምህርቷን ያቋረጠች ታዳጊ ልትሆን ትችላለች። ነገር ግን እሷም የምታውቀው አገር አለ፤ ስለ ማሽላና ስለ ጤፍ፣ ስለ ሙሾና ስለ ሠርግ ዘፈን፣ ስለ ድርቅና ስለ ጦርነት መናገር ትችላለች። በሁለቱ መካከል ካለው ልዩነት አብዛኛውን የፈጠረው የተቀመጡበት ወንበር ነው። እሳቸውን አስቀምጠው ጠየቋቸው። እሷን አቁመው አዘዟት።

ከሌላው ወገን ያለ ክርክርም አለ። ‹‹ስደተኛውስ? ሃያ ዓመት ውጭ ኖሮ ከአገሩ ልጆች መንደር የማይወጣ፣ የሚኖርበትን አገር ቋንቋ ለመማር የማይተጋ የለም ወይ?›› የሚል። መትጋት የእንግዳው ግዴታ መሆኑን አልክድም፤ ግማሹ ድርሻ የእሱ ነው ብያለሁ። ሆኖም የአገሩን ልጆች የሙጥኝ ያለውን ሰው ከመውቀስ በፊት እዚያ ምን እንደሚያገኝ ማየት ደግ ነው። ቀኑን ሙሉ በጎዶሎ ቋንቋ ጎዶሎ ሰው ሆኖ የዋለ ሰው ማታ ሙሉ የሚሆንበት ቦታ ይሻል፤ እድሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ ሌሊት በኢሞ ወደ ወሎ የሚደወለው ስልክም ይህንኑ ያደርጋሉ። ቤቱ የሚሰማው ያለው ሰው ውጭ ወጥቶ ለመንተባተብም ድፍረት ያገኛል። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፦ ትንሽ ልጅ ለእናቱ ሐኪም ፊት ሲያስተረጉምላት። እናት የሴትነት ሕመሟን በልጇ አፍ ማውጣት ታፍራለች፤ ልጅም ሊሸከመው የማይገባውን ይሸከማል፤ በቤቱም የታላቅና የታናሽ ሥርዓት ይናጋል። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሥሪያ ቤቶቿ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ፣ ዋና ዋና ሰነዶችንም እንዲያስተረጉሙ አዘዘች፤ ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህ ሕግ ማንንም እንግሊዝኛ ከመማር አልከለከለም። እናቲቱ እስክትማር ድረስ ሰው ሆና እንድትሰማ ብቻ አደረገ። ከተማ በሕግ ጆሮ ሊኖራት እንደሚችል ይህ ማስረጃ ነው።

እንግዲህ የሌላውን አገር ከዳኘን ራሳችንንም እንዳኝ። ሐራ የላከች ብቻ አይደለችም፤ የተቀበለችም ናት። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታቀደውን የ392 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ሥራ የያዘው የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ነበር፤ ከሐራ ወደ መቀሌ እንዲሄድ የታቀደውን ደግሞ የቻይና ኩባንያ። ከእነዚያ ዓመታት ጀምሮ አካባቢው ቱርካዊና ቻይናዊ ሠራተኞችን አይቷል። እነርሱ በአጥር ውስጥ በሠፈር መኖራቸው አንድ ግድግዳ ነበር። ከእኛ በኩል ያለው ግድግዳ ግን በየመንገዱ ‹‹ቻይና! ቻይና!›› እያለ የሚጮኸው የልጆች ድምፅ ነው፤ ትልልቆቹም አይቆጡም። ‹‹የእግዜር እንግዳ›› ያለን መንገደኛ አገሩን የሚጠይቅ ሕዝብ፣ መልኩ የተለየውን በአገሩ ስም ጠርቶ ሲያልፍ የገዛ ወጉን አፈረሰ።

ከዚህም የከፋ አለ። በሐብሩ ወረዳ በጃራ መጠለያ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ኖረዋል። አማርኛ አላጠራቸውም፤ ብዙዎቹ ቤተሰቦቻቸው ከዚሁ ከወሎ የሄዱ ናቸው። ቋንቋ ማወቅ ባይተዋርነትን የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ እነርሱ አንድም ቀን ባይተዋር ባልሆኑ ነበር። ነገር ግን ሰው ‹‹ተፈናቃይ›› ከተባለ በኋላ የሚጠየቀው ቁጥሩንና የቤተሰቡን ብዛት ነው፤ እህል ለማደል ይህ ያስፈልጋል፤ ሰውየው ግን ከዚያ በላይ የሚናገረው አለው። ያረሰው መሬት፣ የቀበረው ሰው፣ የለመደው ጎረቤት፣ በኦሮምኛ ያወጋው ወዳጅ አለው። አንድ ቋንቋ እየተናገርን የምንለያየው ስለዚህ ነው።

በጣም የምታሳዝነኝ ግን ተመላሿ ናት። ከዐረብ አገር ስትመለስ የሚጠብቃት የመጀመሪያ ጥያቄ ‹‹ምን ይዘሽ መጣሽ?›› ነው። ገንዘብ ይዛ ከመጣች ትከበራለች፤ ባዶ እጇን ከመጣች አንገቷን ትደፋለች። በአማርኛዋ መካከል ዐረብኛ ሲገባባት ይሣቅባታል። ቋንቋ ይዛ መምጣቷን እንደ ሀብት የሚቆጥር አላየሁም። ደረሳ ዓመታት ዞሮ ዐረብኛ ሲማር ያከበረ አገር፣ በሰው ቤት ለብቻዋ ሆና ያለ መምህር የተማረችውን ልጅ እውቀት ‹‹የግርድና ዐረብኛ›› ብሎ ሲያንኳስስ ግፍ ይሠራል። እዚያ የሚሰማት አጣች፤ ወደ አፍ መፍቻዋ ተመልሳም የሚሰማት አጣች። ብዙዎች ዳግመኛ ለመሰደድ የሚነሡት በድህነት ብቻ ይመስለናል። ሰሚ ማጣትም ከአገር ያስወጣል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ቋንቋ አለመልመድን ሁልጊዜ የእንግዳው ስንፍና አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው፤ መዋሐድ የሚባለውም የእንግዳው ፈተና ብቻ አይደለም። የሚፈተነው ተቀባዩም ነው። እንግዳ መናገርን ይማር፤ ባለቤትም መስማትን ይማር። አንዱ ከጎደለ ሌላው አይሞላም።

የሚደረገውም ሩቅ አይደለም። ልጆቻችንን ወደ ውጭ ከመላካችን በፊት የምናሠለጥን ከሆነ ሥልጠናውን ከትእዛዝ አንቀጽ እናውጣው። ‹‹ስሜ እገሊት ነው፤ የመጣሁት ከሐራ ነው፤ እዚህ ጋ ያመኛል፤ ደመወዜ ይህን ያህል ነው፤ በዚህ አልስማማም፤ ለምን?›› ማለትን አስቀድማ ትማር፤ የማሽኑ ስም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የሚያስተምሯትም ሄደው የተመለሱት እኅቶቿ ይሁኑ፤ ያንን ዐረብኛ ከእነርሱ በላይ የሚያውቀው የለም፤ የመምህርነት ክፍያና ክብርም ይገባቸዋል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲና በአካባቢው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የእነዚህን ሴቶች ንግግር ሰብስበው የመማሪያ መጽሐፍ ቢያደርጉት፣ አባ ጎርጎርዮስ በተጠየቁበት አክብሮት ቢጠይቋቸው፣ ለሚሄዱትም ለአገሪቱም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ በኢሞ ስትደውል ‹‹መቼ ትልኪያለሽ?›› ከማለታችሁ በፊት እንዴት እንደዋለች ጠይቁ፤ መልሷንም እስከ መጨረሻው ስሙ። ስትመለስም ምን ይዘሽ መጣሽ አትበሏት፤ ምን አየሽ በሏት። በመንገዳችን የሚያልፈውን ባዕድ፣ በመጠለያ ያለውን ወገን፣ ከቆላ የመጣውን አፋር ጎረቤት አገሩን ጠይቁ። አባቶቻችን የመሸበትን ሁሉ ይህን ይጠይቁ ነበር፤ ከእኛም የሚፈለገው ከዚህ አይበልጥም።